ታንከሩን የሰረጎደው ድንጋዩ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ «አሮጌ የቤንዚን ፎር ባይ ፎር አለኝ። የነዳጅ ታንከሩ የላሜራ ነው፤ ከኋላ ከሻንሲው ሥር ተንጠልጥሏል። አስቸጋሪ መንገድ ላይ ድንጋይ ከሥር መታውና 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት ወደ ውስጥ ገባ። ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አይፈስም። ከዚያ ወዲህ ግን የነዳጅ ጌጁ ከሩብ በታች አይወርድም። ሩብ እያሳየኝ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ደግሞ የላይኛውና የጎኑ ላሜራም ገባ ገባ ብሏል፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ክዳኑን ስከፍት ‹እስስ› ብሎ አየር ይስባል፤ ይህ ጤናማ ነው ብለውኛል። አንድ መካኒክ ‹ውሃ ሞልተን መንጠቆ በይደንበት እንጎትተዋለን› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹በኮምፕረሰር ንፋስ ስጠው፣ ራሱ ይወጣል› ይላል። የቱን ላድርግ?»

ሁለቱንም አያድርጉ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን እንደዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር ላይ እንቁም። ክዳኑን ሲከፍቱ አየር ወደ ውስጥ ይስባል ብለዋል። ይህ ጤናማ አይደለም። የታንከርዎ መተንፈሻ ተዘግቷል ማለት ነው። የላይኛውንና የጎኑን ላሜራ ያስገባው ይኸው ነው፤ ድንጋዩ እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ያለብዎት ሁለት የተለያየ ጉዳት ነው። መንስኤውም መፍትሔውም ይለያያል። የድንጋዩን አስተካክለው መተንፈሻውን ከተዉት ታንከሩ ተመልሶ ይሰረጎዳል።

ሞተሩ ነዳጅ በሳበ ቁጥር የወጣውን ነዳጅ ቦታ አየር መተካት አለበት። በብዙ አሮጌ መኪኖች አየሩ የሚገባው በራሱ በክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቫልቭ ነው። በሌሎቹ ከታንከሩ አናት ተነስታ ወደ ላይ በምትወጣ ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። ይህች መንገድ በጭቃ፣ በደረቀ አቧራ ወይም በነፍሳት ጎጆ ትዘጋለች። ቱቦዋ ታጥፋ ወይም አርጅታ ተጣብቃም ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ግን ይህን አያውቅም፤ መሳቡን ይቀጥላል። ውስጡ አየር እያነሰው ይሄዳል፣ ውጭ ያለው አየርም ላሜራውን ይጫነዋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍዎ ላይ ገጥመው አየሩን ሲስቡት ጎኑ እንደሚጨማደደው ማለት ነው።

ጉልበቱን በቁጥር ይመልከቱት። የታንከሩ የላይኛው ፊት 80 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 4,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በአንድ ሃያኛ ብቻ ቢያንስ፣ በዚያ ፊት ላይ የሚያርፈው ጫና 200 ኪሎ ገደማ ነው። ላሜራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያም የሳሳ ነው። ታዲያ ቢገባ ምን ይገርማል?

ይህ ጉዳት በሁለት ሁኔታ ቶሎ ይመጣል። አንደኛው የክዳን ለውጥ ነው። የድሮው ክዳን ይጠፋል፤ ልኩ የገጠመ ሌላ ክዳን ይገዛል። አዲሱ ግን መተንፈሻ የሌለው፣ በቱቦ ለሚተነፍስ መኪና የተሠራ ነው። አፉ ላይ በደንብ ይገጥማል፣ ታንከሩን ግን ያፍነዋል። ሁለተኛው ውሃ ማቋረጥ ነው። በሙቀት የዋለ ታንከር በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ትነት ይቀዘቅዛል፣ መጠኑም ይቀንሳል። ያን ጊዜ መተንፈሻው ክፍት ካልሆነ ታንከሩ ይኮማተራል።

የስርጉዱን ምንጭ በዓይን መለየት አይከብድም። ድንጋይ የመታው ቦታ ጭረት አለው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ ጠርዙም ስለታም እጥፋት አለው። የአየር ጫና ያስገባው ግን ጭረት የለውም። ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ጠፍጣፋውን ፊት ይመርጣል። ክሪክ በስህተት ያረፈበት ደግሞ የክሪኩን ራስ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሌላም ምልክት አለ። መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ አቅም እያነሰው ከጠፋ፣ ክዳኑን ከፍተው ሲዘጉት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ከተነሳ፣ ጥፋቱ የመተንፈሻው ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። በሙቀት ቀን ክዳን ሲከፈት ትንሽ ትነት ወደ ውጭ ቢወጣ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ውስጥ መሳብና ወደ ውጭ መተንፈስ አይምታታብዎ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ብዙ ሰው የታንከር ስርጉድ ሲያይ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለሚይዘው ነዳጅ መጠን ነው። ይህ ሐሳብ አያስፈልግም። የእርስዎ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ስርጉድ የቀነሰብዎት ነዳጅ ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። ጉዳቱ ያለው ስርጉዱ በገባበት በኩል ባለው ነገር ላይ ነው። በታንከሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ወደ ወለሉ ይጠጋሉ። አንዱ ነዳጁን የሚስበው ቱቦ ነው፤ ጫፉ ከወለሉ ብዙም አይርቅም። ሌላው ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ እያለ ለጌጁ የሚናገረው ተንሳፋፊ ነው። ወለሉ ሽቅብ ሲነሳ ተንሳፋፊው ወይም ክንዱ ጉብታው ላይ ያርፋል። ነዳጁ እያለቀ ነው፤ ተንሳፋፊው ግን ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። ጌጅዎ ሩብ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ጌጁን ወይም ተንሳፋፊውን ቀይር የሚልዎት ካለ አይስሙት።

የመሳቢያ ቱቦው ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀላል ምልከታ አለ። በቆሙበት ጊዜ ታንከሩን ሲሞሉ ስንት ሊትር ገባ? 80 ሊትር በሚይዝ ታንከር 78 ከገባ በእርግጥ ጨርሰው ነበር። 65 ብቻ ከገባ ግን 15 ሊትር ውስጡ እያለ ፓምፑ ሊያገኘው አልቻለም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የተነሳው ወለል የቱቦውን አፍ ደፍኖታል ወይም ቱቦውን ገፍቶ አንስቶታል። ዳገት ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነም መጀመሪያ ይህን ይመርምሩ።

መነካት የሌለበትን ስርጉድም ልንገርዎ፤ በየጋራዡ ሳያስፈልገው የሚቀጠቀጥ ታንከር ብዙ ነው። የማይፈስ፣ ተንሳፋፊውንና መሳቢያውን ያልነካ፣ ከመጋጠሚያው ስፌት የራቀ ስርጉድ ይተዉት። ከመኪና ሥር የተደበቀ ዕቃ ውበት አይፈለግበትም። ላሜራ ሲሰረጎድ ይለጠጣል፤ እጥፋቱ ላይ ይደርቃል። መልሰው ሲቀጠቅጡት ያው የደረቀ ቦታ ዳግም ይታጠፋልና ሊሰነጠቅ ይችላል። የማይፈስ ታንከር የሚፈስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በጥገና ነው። የእርስዎ ግን ተንሳፋፊውን ይዞታል፤ ስለዚህ ሥራ ያስፈልገዋል። ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ እስኪሆን ግን አይደለም።

ወደ ተሰጡዎት ምክሮች ልለፍ። በብየዳው እጀምራለሁ፤ ሕይወት የሚያስከፍለው እሱ ነውና።

ባዶ የቤንዚን ታንከር ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብልጭታ ይበቃዋል። 80 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንከርን ወደ ፈንጂ ለመቀየር ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤንዚን በቂ ነው። በአሮጌ ታንከር ውስጥ ያን ያህል ቤንዚን የሚደበቅበት ቦታ ሞልቷል። በስፌቱ መሐል አለ። ከዝገቱ ቅርፊት ሥር አለ። ነዳጁ እንዳይናወጥ ከውስጥ በተተከሉት ግድግዳዎች ጥግ አለ። ለዓመታት ደርቆ የተጣበቀው ሙጫ መሰል ቆሻሻም ሲሞቅ ትነት ይለቃል። ታጥቦ «ሽታ የለውም» የተባለ ታንከር እሳት ሲነካው የሚፈነዳው ለዚህ ነው። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፤ ምስክር አይሆንም።

«ውሃ እንሞላዋለን» የሚለው ሐሳብ ከፊል እውነት አለው። ውሃ ትነቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ያጠባል። ልምድ ያላቸው በያጆችም ይጠቀሙበታል፤ ግን ታንከሩን በሚገባ ካጠቡ በኋላ ተጨማሪ ጥንቃቄ እንዲሆን እንጂ በእጥበቱ ምትክ አይደለም። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል። የቀረው ቤንዚን ሽቅብ ተንሳፍፎ፣ ውሃው ሳይደርስበት በቀረው የአየር ኪስ ሥር ይሰበሰባል። የእርስዎ ስርጉድ ወለሉ ላይ ነው፤ ለመበየድ ታንከሩ ይገለበጣል፤ ያ ኪስ እሳቱ ከሚያርፍበት ቦታ ሥር ይሆናል። በዚያ ላይ ውሃው ሙቀቱን ስለሚወስድበት ብየዳው ራሱ ጥሩ አይዝም።

ይህን ሲሰሙ «የናፍጣ ቢሆን ኖሮስ?» የሚሉ አንባቢዎች ይኖራሉ። ናፍጣ በተለመደው ሙቀት የሚቀጣጠል ትነት አያወጣም፤ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ብየዳ ግን ላሜራውን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያሞቀዋል። የናፍጣ ታንከርም በብየዳ ይፈነዳል። ጭስ ማውጫውን በቱቦ አገናኝቶ ታንከሩን በጭስ መሙላትም አይታመንም። የጭሱ ይዘት ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ውስጡ ያልተቃጠለ ነዳጅና ገዳይ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። የእሳት ማጥፊያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍጥነት መርጨት ደግሞ በራሱ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል።

የጓደኛዎ ኮምፕረሰርስ? የመተንፈሻውን ስሌት ገልብጠው ይዩት። በዚያው 4,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ 1 ባር ግፊት ማለት 4 ቶን ገደማ ነው። የጋራዥ ኮምፕረሰር ከ6 እስከ 8 ባር ይይዛል። የነዳጅ ታንከር ግፊት እንዲይዝ ተደርጎ አልተሠራም። ሌላም ችግር አለ። ንፋሱ ስርጉዱን መርጦ አይገፋም። ሁሉንም ፊት እኩል ይገፋል፤ ቀድሞ የሚሸነፈውም ደካማው ነው። ስርጉዱ በእጥፋቱ ምክንያት ደርቋል፤ ጠፍጣፋው ግን ለስላሳ ነው። ስለዚህ ጎኖቹ ይነፋሉ፣ ስፌቱ ይከፈታል፣ ስርጉዱ ባለበት ይቀራል። የታመቀ አየር ሲፈታ ደግሞ ላሜራ ይወረውራል። ውሃ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚሉም አሉ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህን ጉልበት ማንም አይቆጣጠረውም፤ ስፌቱን ይቀደዋል።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው።

ታንከሩን ያውርዱት። መኪናው ላይ እያለ የሚሠራ ሥራ የለም። ነዳጁን ገላጣና ነፋሻ ቦታ ላይ በእጅ ፓምፕ ይቅዱት፤ በአፍ አይሳቡት። የመኪና ጉድጓድ ላይ ወይም ዝግ ጋራዥ ውስጥ አይሞክሩት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። በገመድ የሚንቀሳቀስ የድሮ አምፖል አጠገብዎ አይኑር፤ ቢሰበር ክሩ ያቀጣጥላል። ነዳጁን ሳያወጡ ታንከሩን ለማውረድም አይሞክሩ። 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲናወጥ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይስበዎታል። ቱቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት የትኛው የት እንደሚገባ ፎቶ ያንሱ።

ከዚያ እጥበቱ ይቀጥላል። የተንሳፋፊውን ክፍል አውጥተው በሙቅ ውሃና በቅባት ፈቺ ሳሙና ደጋግመው ይጠቡት። ይሙሉት፣ ያናውጡት፣ በሁሉም ጎን ያገላብጡት፣ ይድፉት። ዘይት መሰል ሽፋን በውሃው ላይ እስከታየ ድረስ አልጨረሱም። እንፋሎት የሚሰጥ መሣሪያ ያለው ቦታ ካለ በጣም ይረዳል። ኮስቲክ ሶዳ ግን አይጠቀሙ። ብዙ አሮጌ ታንከሮች እንዳይዝጉ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተለበጡ ናቸው፤ ሶዳው ይህን ሽፋን ይበላዋል። በዚሁ ምክንያት ታንከሩን ደረቁን በሞላ (በመሞረጃ ድንጋይ) ወይም በብራሽ አይፈግፍጉት፤ የእርሳስ ብናኝ ወደ ሳንባ ይገባል። ጓንት ያድርጉ። የታጠበበትንም ውሃ ነዳጅ አለበትና ቦይ ውስጥ አይድፉት።

ታጥቦ ሲደርቅ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ መብራት ውስጡን ይመልከቱ። ቀጣዩ ውሳኔ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ላይ ላዩን ቡናማ ብናኝ ብቻ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። ቅርፊት እየሆነ የሚነሳ ዝገት ካለ፣ ወለሉ ላይ እንደ ነጥብ ነጥብ የተበላ ቦታ ካዩ፣ ወይም የስርጉዱ እጥፋት የመጋጠሚያውን ስፌት አቋርጦ ከሄደ እዚሁ ያቁሙ። ይህን ታንከር አይጠግኑት፤ ሌላ ይፈልጉ። የሳሳ ላሜራ ሲገፋ ይበሳል። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል። ሌላ ሲፈልጉ ለሊትሩ ብቻ አይጨነቁ፤ የመተንፈሻውና የነዳጅ መመለሻው ቱቦ መውጫ ከእርስዎ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።

ደህና ሆኖ ከተገኘ በቀላሉ ይጀምሩ። የላይኛውና የጎኑ ለስላሳ ስርጉድ እጥፋት ስለሌለው በውሃ ጫና ሊመለስ ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ቢከፈት ይፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። ሁሉንም ቀዳዳዎች ይድፈኑ፤ አንዱ ላይ ብቻ ግልጽ ቱቦ ገጥመው ወደ ላይ ያቁሙት። ታንከሩን አየር ሳያስቀሩ በውሃ ይሙሉት፤ ከዚያ ቱቦው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ውሃ ይጨምሩ። 1 ሜትር የቆመ ውሃ የሚሰጠው ጫና 0.1 ባር ነው። ያ በምሳሌያችን ፊት ላይ 400 ኪሎ ይሆናል። ትንሽ እንዳይመስልዎ። በ30 ሴንቲ ሜትር ይጀምሩ፤ ያልተጎዱትን ጎኖች በጣውላና በማሰሪያ ይደግፉ፤ ላሜራው ሲመለስ ያቁሙ። ከ1 ሜትር አይለፉ። ጫናው በውሃው ከፍታ የተወሰነ ስለሆነ ሳያስቡት አይዘልብዎም፤ ይህን ዘዴ የምወደው ለዚህ ነው። ውሃው እያለ ስፌቱንም ይመልከቱ፤ የሚያላብስ ቦታ ካለ አሁን ያገኙታል።

የድንጋዩ ስርጉድ በውሃ አይወጣም፤ ጠርዙ ታጥፏል። እሱን ከውስጥ መግፋት ነው። ውሃውን ደፍተው ታንከሩን ያድርቁት። በተንሳፋፊው ቀዳዳ በኩል የተቆለመመ ብረት ያስገቡ፤ ጫፉ ላይ የተድቦለቦለ ጠንካራ እንጨት ያስሩበት። ታንከሩ አሸዋ በሞላበት ጆንያ ላይ ይረፍ። መሐሉን በኃይል መደብደብ የብዙ ሰው ስህተት ነው። መሐሉ ሲመታ ላሜራው ይለጠጣል፤ ከዚያ በጣት ሲነኩት «ጠቅ ጠቅ» እያለ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይሆናል። ከጠርዙ ይጀምሩ። ከውስጥ ቀስ ብለው እየገፉ፣ ከውጭ ዙሪያውን ጎበጥ ያለውን በእንጨት መዶሻ መታ መታ ያድርጉ። እየዞሩ ወደ መሐል ይግቡ። የውስጡ ግድግዳ መንገድ ከዘጋዎት ግድግዳውን ተደግፈው አይግፉ፤ ብየዳው ይለቃል።

የት ላይ ነው የሚያቆሙት? ተንሳፋፊውን መልሰው ሲከቱት እስከ ወለሉ ያለምንም መነካካት ከወረደ፣ የመሳቢያው ቱቦም ከወለሉ በቂ ክፍተት ካገኘ፣ ሥራው አልቋል። ከ3 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢቀር ምንም አይደለም። ያቺን የመጨረሻ ግማሽ ለማውጣት የሚጨመረው ምት ነው ላሜራውን የሚሰነጥቀው።

ብረቱ ካልደረሰበት ለመኪና አካል የሚሠራበት በሙጫ የመጎተት ዘዴ አለ። የፕላስቲክ መያዣ በሙቅ ሙጫ ይለጠፋል፣ በመሳቢያ ይጎተታል። እጥፋት ለሌለው ስርጉድ ያገለግላል፤ ለስለታሙ እምብዛም ነው። ሙጫው ራሱ ትኩስ ስለሆነ ይህም ከእጥበት በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው። የነሐስ መጎተቻ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ) መለጠፍ ከብየዳ የተሻለ ነው፤ ስታኞ 190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የውስጡን ሽፋንም እንደ ብየዳ አያቃጥለውም። ብየዳ ግን ከጀርባው ያለውን ሽፋን ያቃጥላል፤ በዚያ ነጥብ ከውስጥ ዝገት ይጀምራል። መካኒክዎ መንጠቆ በይዶ ቢጎትተው፣ ሳይፈነዳ እንኳ፣ ቆይቶ የሚበሳው መንጠቆው የተበየደበት ቦታ ነው።

የግድ እሳት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ታንከሩ መተኪያ የማይገኝለት ሆኖ በመስኮት መልክ ተቆርጦ መከፈት ካለበት፣ የነዳጅ ታንከር ለይቶ የሚሠራ ሰው ጋር ይውሰዱት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «ትነት መኖሩን በምን ታውቃለህ?» «በጋዝ መለኪያ» ብሎ ከመለሰልዎት ይቀጥሉ። «አሸትተዋለሁ» ካለዎት ታንከርዎን ይዘው ይመለሱ። መለኪያውም ከሥራው በፊት አንዴ ብቻ ሳይሆን በሥራው መሐል መታየት አለበት፤ ላሜራው ሲሞቅ የተደበቀው ይወጣልና።

ስርጉዱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ምንም አይጠቅምም። ወለሉ አሁንም ከውስጥ ጎብጧል፤ ስቱኮውም እየተሰነጠቀ ውሃ ይይዝና ላሜራውን ያዝገዋል። መንገድ ላይ የሚያላብስ ቦታ ቢገጥምዎት ደረቅ ሳሙና ማሸት የቆየ ዘዴ ነው፤ ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ኢፖክሲም ትንሽ ይቆያል። ሁለቱም ግን ጊዜያዊ ናቸው።

ሲጨርሱ ፍተሻው እንዲህ ነው። የተሠራበትን ቦታና በአቅራቢያው ያለውን ስፌት ከውጭ በተፈጨ ጠመኔ ይቀቡት፤ ይድረቅ። ነጭ ጋዝ ውስጡ ጨምረው ያ ጎን ከሥር ሆኖ እንዲያድር ያድርጉ። ነጭ ጋዝ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ያልፋል፤ ጠመኔው ላይ እርጥብ መስመር ሆኖ ይታያል። ንጹሕ ከሆነ የተላጠውን ቦታ ዚንክ ባለው ፀረ ዝገት ይቀቡትና ከላዩ ድንጋይ የሚችል ወፍራም ቀለም ይጨምሩ።

መልሰው ከመግጠምዎ በፊት መተንፈሻውን ይጨርሱ። የመተንፈሻ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነቅለው ንፋስ ይስጡት፤ ታንከሩ ላይ ተገጥሞ እያለ ግን አይንፉ። የተሰነጠቀና የለሰለሰ ከሆነ ለነዳጅ በተሠራ ቱቦ ይቀይሩት። ጫፉ ጭቃና ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይታሰር። ክዳኑንም ይፈትሹ። የእርስዎ መኪና በክዳን የሚተነፍስ ከሆነ ክዳኑ አየር ወደ ውስጥ በቀላሉ ማስገባት አለበት። ትንሽ የእጅ ፓምፕ ገጥመው ይዩት፤ እምቢ ካለ ይጣሉት።

በታንከሩና በማሰሪያዎቹ መሐል ያለውን ጎማ አዲስ ያድርጉት፤ አለዚያ ብረት ለብረት ይፋተግና ይበሳል። የተንሳፋፊው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን፤ የመሬት ገመዱንም አይርሱ፤ እሱ ከሌለ ጌጁ ይዋሻል። ከሥር መከላከያ ላሜራ ቢያሠሩ ጥሩ ነው፤ ከታንከሩ ጋር ግን አይጣበቅ። በመሐሉ ክፍተት፣ ከሥሩም ውሃና ጭቃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት። መሐል ላይ የታፈነ እርጥብ ጭቃ ድንጋዩ ያላደረገውን ያደርጋል።

መጀመሪያ 10 ሊትር ብቻ ጨምረው ከሥር ሆነው ይመልከቱ፤ ጌጁም ከሩብ በታች ማንበቡን እዚህ ላይ ያረጋግጡ። ከዚያ ይሙሉት። እጥበትና ምት ያላቀቁት ቆሻሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። ፊልትሮውን አሁን ይቀይሩት፤ ጥቂት ታንከር ነዳጅ ከተጠቀሙ በኋላ ደግሞ እንደገና ይቀይሩት።